ገብረ ኪዳንን ማጥፋት

ማርያማዊት ገብረ ኪዳንን ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋችው። ስሙ ላይ ጠቁማ «ይጥፋ» የሚለውን ነካች፤ አጠገቡ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ቀላች፣ ከዚያም ከነስሙ ተሰወረች። እፎይ ብላ ነጠላዋን ስታነሳ፣ ገብረ ኪዳን አረንጓዴ ለብሶ እዚያው ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል።

«ደግሞ መጣ!» አለች፣ ሳቅና ንዴት በተቀላቀለበት ድምፅ።

ሰው እየገደለች አልነበረም። ገብረ ኪዳን ኮንቴይነር ነው፤ ለአንድ ሥራ ብቻ የታሸገ ትንሽ ፕሮግራም። እሷ በምትሠራበት የአዲስ አበባ ድርጅት እንዲህ ያሉት በርካታ ሆነው ክላስተር በሚባል መንጋ ውስጥ ይኖራሉ። ኮድ ከምትጽፍበት መስኮት ሳትወጣ በግራ በኩል ተደርድረው ታያቸዋለች፤ ደህናው አረንጓዴ፣ የታመመው ቀይ። ወላጆቿ ዘንድ ራቤል ብትመጣም፣ አሮጌው ክላስተር ዛሬ መዘጋት አለበት። ሌሎቹ ያለ ጣጣ ጠፍተዋል፤ አሻፈረኝ ያለው ይሄ አንዱ ነው።

ስሙን ያወጣችለት ራሷ ናት። ወንድሟ ምንይሉ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የወረደ ሰሞን፣ ለአዲሱ ኮንቴይነር ስም ሲቸግራት የወንድሟን የክርስትና ስም ሰጠችው። የክርስትና ስም ከቤተሰብና ከንስሐ አባት በቀር ማን ያውቀዋል ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ የምንይሉ ድምፅ ጠፋ። አየሁት የሚል የለም፣ ቀበርኩት የሚልም የለም። የበላው ጅብ ይጮኻል ይባላል፤ ምንይሉን የበላው ግን እስከ ዛሬ አልጮኸም።

«አልጨረስሽም እንዴ?» አባቷ መምሬ አትናቴዎስ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የራቤል ጉም ግቢውን ውጦታል። «ካህናቱ እየጠበቁ ነው። ደወሉ ሲደወል ፍትሐቱ ይጀመራል።»

«ለማን?» አሉ እናቷ ገበያነሽ ከመደቡ ጥግ። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ነው። ጥቁር አልለበሱም፤ ከቤትም ንቅንቅ አልልም ብለዋል። «ሬሳው ሳይታይ? መርዶ ሳይመጣ? መምሬ፣ ለልጅዎ የቁም ተዝካር ሊያወጡ ነው? በሕይወት እያለ ፍትሐት ከተደረሰለት የመመለሻ መንገዱ ይዘጋበታል።»

«ሞቶ ከሆነስ? ነፍሱ ያለ ጸሎት ትቅር?» አሉ መምሬ። «ያልጠየቅነው ሰው አለ? መልስ አጣን እኮ፣ ገበያነሽ።»

ማርያማዊት አቀርቅራ ሥራዋን ቀጠለች፤ ስህተቷንም አገኘችው። «ሁልጊዜ አንድ ይኑር» የሚል ትእዛዝ ራሷ ጽፋ ረስታዋለች። ክላስተሩ በየጊዜው ኮንቴይነሩን «አለህ?» ይለዋል፤ ኮንቴይነሩም እሷ እንዳስተማረችው «አለሁ» ይላል። መልስ ከጠፋ፣ ሞቷል ተብሎ በዚያው ስም ሌላ ይተካል። አንድ የሚለውን ዜሮ አደረገችው። ነጥቧ ቀላች፣ ተሰወረች። አልተመለሰችም። ዝርዝሩ ባዶ ሆነ፤ እሷንም ያልጠበቀችው ኀዘን አንሰፈሰፋት።

ላፕቶፑን ልትከድን ስትል፣ የገብረ ኪዳን መልስ ሲጻፍባት የነበረች ትንሽ መስኮት ከታች እንደተከፈተች አየች። አዲስ መስመር ወጣባት።

አለሁ።

የራቤል ኔትወርክ ነው አለች ለራሷ፤ የትናንቱን ዛሬ ያደርሳል። ሌላ መስመር ሲደገም የስልኳን ዳታ ዘጋችው። ላፕቶፑ ከውጭ የሚገናኝበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

አለሁ።

እጇን ሰበሰበች። «አባባ፣ ያጠፋሁት ገብረ ኪዳን… አለሁ ይላል።»

መምሬ የኮምፒውተሩ ነገር አይገባቸውም፤ ስሙን ሲሰሙ ግን አማተቡ። «ማን ጠርቶት ነው አቤት የሚለው?»

እሷንም የጨነቃት ይኸው ነው። መላሹን አጥፍታለች፤ ከጠያቂው ከክላስተሩም ጋር መስመሯን ቆርጣለች። ጆሮዋን ስታቀና ነው የሰማችው። እናቷ እንዝርቱን ባሾሩ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ገብረ ኪዳን፣ አለህ?» ይላሉ በሹክሹክታ። እንዝርቱ ይዞራል። መስመሩ ይወጣል።

«እማዬ! ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትዪው?»

«ከሄደ ጀምሮ።» ቀና እንኳ አላሉም። «ካቋረጥኩ የሚሞትብኝ ይመስለኛል።»

«ይመልስልሻል እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ ገበያነሽ።

መምሬ በሩን ለቀው መጡና ከሚስታቸው አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ደወሉ በጉሙ ውስጥ ተደወለ። አልተነሱም። ገበያነሽ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስተኙና ባላቸውን ትክ ብለው አዩ።

«እስቲ እርስዎም ይጠይቁት።»

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስንቱን ሙት የሸኘው ድምፃቸው ቀጠነ፣ ተንቀጠቀጠ። «ገብረ ኪዳን… ልጄ… አለህ?»

ማርያማዊት ወደ ላፕቶፑ አጎነበሰች። ደወሉ ተደገመ። ከመጨረሻው መስመር በታች ባዶ ነው። ጠበቀች፤ አሁንም ባዶ ነው።

«ምን አለ?» አሉ አባቷ። ዓይናቸው እንዲህ ያለ ደቃቅ ፊደል አይለይም።

ማርያማዊት ባዶውን ቦታ በመዳፏ ሸፈነችው።

«አለሁ ይላል፣ አባባ» አለች።