ሱፍ የለበሰው ፎቶ

እትዬ ሸዋርካብሽ በርበሬ በረንዳ ጋ ያለችው ኢንተርኔት ቤቴ መጡ። ልጃቸው ይድነቃቸው በጀልባ ወደ የመን ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ድምፁ የለም። ፎቶውን የጠፉ ሰዎች የሚፈለጉበት ሳይት ላይ እንድጭንላቸው ነው የመጡት።

"በሸሚዝ ብቻ? እኛ ቤት ያለ ሱፍ ፎቶ አይላክም!" ብዬ በኮምፒውተር ሱፍና ከረባት አለበስኩት።

"ሙሽራ አስመሰልከው" ብለው ሳቁ።

ፎርሙን ሞልቼ ላኩት። ሳይቱ የተላከውን ፎቶ መልሶ ሲያሳየን ሱፉ የለም፤ ሸሚዙም ርሷል።

"ፋይሉ ተበላሽቶ ነው" ብዬ ደግሜ ላኩት። አሁን ፎቶው ውስጥ ውሃ አገጩ ጋ ደርሷል።

"አንተ ባለጌ፣ በልጄ ትቀልዳለህ?"

"እናቴ ትሙት እትዬ፣ እኔ አይደለሁም!"

ለሦስተኛ ጊዜ ልልከው ስል እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

"ተው በቃ። እሱ ዋና አይችልም።"