የተዘረጋው እጅ

ሄስተር ስልኩን ዘግታ በችሎት የምትደፋውን ነጭ የጠበቃ ዊጓን ከቆርቆሮ ሳጥኑ አወጣች። ከኢንሹራንስ ድርጅቱ የደወለችው ልጅ በደስታ ድምፅ "የከባድ ሕመም ክፍያዎ ጸድቋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት" ካለች በኋላ ደንግጣ "ይቅርታ" ብላ ነበር። በግሉ ለሚሠራ ጠበቃ ታመመ ብሎ ደመወዝ የሚልክለት የለም፤ ሄስተርም ለዚህ ቀን ብላ ስትከፍል ኖራለች። አሁን ማረፍ ትችላለች። ይህን የምትነግረው ሰው ግን አጣች። በሊድስ ከተማ ፍርድ ቤት የጠበቆች መልበሻ ክፍል ሁሉም ካባውን እየደረበ ስለየራሱ ችሎት ያወራል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ውሸት ይዘሽልን መጣሽ?" አላት ፌንዊክ፣ አንገትጌውን እየቆለፈ። ዕድሜ ልካቸውን በተቃራኒ ወገን ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው።

"ኢንሹራንሴ ከፈለኝ።"

"መኪናሽን አጋጨሽው? ድሮም መንዳት አትችይም ብያለሁ።"

"የመኪናው አይደለም። የከባድ ሕመም ነው። ከዛሬ በኋላ አልመጣም።"

ፌንዊክ አንገትጌውን ትቶ ቀኝ እጁን ዘረጋላት።

ሄስተር እጁን አየችው። በእነሱ ወግ ጠበቃ ከጠበቃ ጋር አይጨባበጥም፤ የሚጨበጠው ደንበኛው፣ ምስክሩ፣ የውጭው ሰው ነው። እንዲህ ቶሎ የውጭ ሰው ሆንኩ ብላ ከፋት። ፌንዊክም ያደረገው ገብቶት ፊቱ ቀላ፤ እጁን ሊሰበስብ ሲል ግን ቀደመችው። መዳፉ ሞቃት ነበር። ከታመመች ወዲህ ያለ ሐኪም ጓንት የነካት እጅ ይህ የመጀመሪያው ነበርና አጥብቃ ያዘችው።