የጉንጭ ክኒን

ዶክተር ሐምዲያ የደም ውጤቱን ለዓይናለም አሠሪ ለማዳም ውዳድ በሶማልኛ ስትነግራት ታማሚዋ የተኛች መስሏት ነበር። ሁለቱም አንድ ነገር ዘነጉ፤ በሰው ቤት ልጅ ያሳደገች ሠራተኛ የቤቱን ቋንቋ ከልጆቹ ጋር አብራ ትማራለች።

ዓይናለም ሁሉንም ሰማች። ከልቧ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ከውስጥ በኩል ተተርትሯል። ዛሬውኑ ተከፍቶ ካልተሰፋ ይፈነዳል። የሚሰፋው ደግሞ ከነመሣሪያው ለጥቂት ቀን ከውጭ የመጣ ቀዶ ሐኪም ነው፤ እሱም የደሟን ውጤት አይቶ እጁን ሰብስቧል። አንደኛው ዓይነት ነጭ የደም ሴል ያለቅጥ በዝቷል፣ ሌላኛው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። የደም ሥሩ ተቀዶ ደሙም እንዲህ የሆነ ሰው ከቀዶ አልጋው የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው ብሏል። ሰውነቷ ከውስጥ ተቆጥቷል፤ በዚያ ላይ ቢላዋ መጨመር ማሠቃየት ነው። ሕመሟን እያስታገሡ ማቆየት ይሻላል።

«እስከ መቼ?» አለች ማዳም ውዳድ።

ሐምዲያ የያዘችውን ወረቀት አየች።

«ዶክተር» አለች ዓይናለም በአማርኛ። «ድሬዳዋ ነው የተማርኩት ብለውኛል። የምሞተው እኔ ከሆንኩ ለእኔ ይንገሩኝ።»

ሐኪሟ ደነገጠች፤ ከዚያም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ያንኑ በአማርኛ ደገመችላት። ደሟን እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ምክንያት ይኖር እንደሆን መርምረው እንደነበር ጨምራ ነገረቻት። ቁስል የለባትም፣ ትኩሳት የለባትም። መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ተብላ ስትጠየቅም አንድም ክኒን አልውጥም ብላለች።

በአልጋው ግርጌ የቆመችው ጓደኛዋ ሀዊ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሀዊ ራስ ዲካ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ለፈረንጆች ትሠራለች፤ አርብ አርብ ከዓይናለም ጋር ማዕከላዊ ገበያ ይገናኛሉ። ዓይናለም በድብቅ የምትውጠውን ክኒን የገዙትም እዚያ ነው፣ የፀጉር ቅባትና ሽቶ ከምትሸጥ ሴት። ስም የለውም፤ ፊት ስለሚሞላ ሠራተኞቹ የጉንጭ ክኒን ይሉታል። አገሯ ልትገባ የተነሣች ሁሉ ወራት ቀደም ብላ ትጀምረዋለች። ከስታ የገባች ሴት፣ ሰው አገር ተርባ መጣች ተብላ በየደጁ ትታማለቻ። ዓይናለም ለፋሲካ ልትገባ ነበር። ጉንጯ ሞልቶ ፊቷ እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ ሲሆን፣ ሀዊ እናትሽ ስትስምሽ የምትይዝበት ታጣለች እያለች ትስቅባት ነበር። ማዳም ውዳድም ለጎረቤቶቿ፣ የኔ ቤት ሠራተኛ አትከሳም ብላ ኮርታባታለች።

ጧት ስለ ክኒን ስትጠየቅ ማዳም አጠገቧ ቆማ ነበር። እንዴት ብላ ትናገር?

«ንገሪያት» አለች ሀዊ። «ካልነገርሽ እኔ እነግራታለሁ።»

ዓይናለም ማዳምን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐኪሟ መልሳ ተናገረች፤ ማዳምም እንድትሰማ ያንኑ በሶማልኛ ደገመችው።

የማዳም ውዳድ ፊት ጠቆረ። «በኔ ቤት ተርበሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ማዳም። ጠግቤም እከሳለሁ። የሚያከሳኝ ሥራው ነው።»

ሐምዲያ ተቆጣች። ክኒኑ ፊት ይሞላል፣ ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ግፊትም ያንራል፤ የደም ሥሩን የተረተረው እሱ ሊሆን ይችላል። ለወራት የለመደው ሰውነት ድንገት ሲያጣው ደግሞ ቀዶ አልጋው ላይ ይከዳል፤ ዝም ብትል ኖሮ እንዲሁ ታልፍ ነበር። ይህን ስትል ቆየችና ቁጣዋ መሐል ላይ ቆመ። የያዘችውን ወረቀት እንደገና አየችው።

«ምነው?» አለች ዓይናለም።

«ክኒኑም ነጭ የደም ሴሎችን እንዲህ ያደርጋል።»

«ታዲያ ደሜን ያበላሸው ሕመሙ ነው ክኒኑ?»

«አሁን መለየት አይቻልም።»

«ካልተለየ እንግዲያ አይፍረዱብኝ።»

«ዓይናለም፣ ብትከፈቺም ልትሞቺ ትችያለሽ።»

«ባልከፈትስ?»

ሐምዲያ ወረቀቱን አጠፈችው።

«ቀዶ ሐኪሙ ያየው ወረቀት ነው» አለች ዓይናለም። «ይምጣና እኔን ይየኝ።»

መጣ። ረጅም፣ ሽበታም ሰው ነው። ሐምዲያ በፈረንሳይኛ ስታስረዳው ወረቀቱን አልተቀበላትም፤ ጎንበስ ብሎ ክብ ፊቷን አየ፣ ጉንጯን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀ። ክንዷ ላይ የሳሳውን ቆዳም ገልጦ አየ። ዓይናለም ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። ለሐምዲያ አጭር ነገር ተናገረና እጅጌውን እየሰበሰበ ፈጥኖ ወጣ።

ምን እንዳለ ሀዊ ሳትጠይቅ አንዲት ነርስ የአልጋውን ጎማ ፍሬን ለቀቀች።

ማዳም ውዳድ ቀድማ ሄዳ በሩን ከፍታ ያዘች። ዓይናለም በአጠገቧ ስታልፍ ማዳም ወደ እሷ አልተመለከተችም፣ በሩንም አልለቀቀችም።

የቀዶ ክፍሉ ከግቢው ማዶ ነው። የቀትሩ ፀሐይ ሲሚንቶውን አግሎታል። አልጋውን የሚገፋው ሽማግሌ አዝኖላት አንሶላውን ሳብ አድርጎ ፊቷን ሸፈነላት።

ዓይናለም መርፌ በተሰካበት እጇ ገፈፈችው።

ሽማግሌው ፀሐዩ ነው አላት፣ እንደ መቆጣትም እንደ መለመንም እያለ፤ ከዚያም እንደገና ሊሸፍናት ጫፉን ያዘ። እሷ አንሶላውን ደረቷ ላይ በጡጫዋ ጨብጣ ያዘችው። ቢስበውም አልለቀቀችም።