ገርበብ ያለ በር

ለከተማው ውሃ የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት ደመወዝ የማይቀበል አንድ ሠራተኛ ነበረው። ስሙን ወንፊት ብለውታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ የሚገባውን መልእክት ሁሉ እያነበበ ገለባውን ከፍሬው ይለያል። አይታክተው፣ አይራብ፣ ይሉኝታ የለው። ሰዋስውን ከመጻሕፍት ስላጠና ከሰዎቹ ሁሉ የተሻለ ቋንቋ ያውቃል እየተባለም ይወራለት ነበር።

ያን ሰኞ ግን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። በምሳ ሰዓት አንድ ሰው ከውጭ በኔትወርኩ ገብቶ ውሃው ውስጥ የሚጨመረውን ክሎሪን ለአሥራ አንድ ደቂቃ ያለልክ ከፍ አደረገው። የፓምፕ ቤቱ ሽማግሌ ሽታው አላምር ብሏቸው በእጃቸው ባይዘጉት ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ብርጭቆ ባነሳ ቁጥር መጀመሪያ ያሸታል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አሉ አለቃው በስብሰባ ላይ። ሽበታም፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ወንበር እንኳ አይንቋቋም።

አጥሩ ግን አልተሰበረም። በሩ የተከፈተው በገዛ ቁልፉ ነው። ቁልፉ ረጅም የይለፍ ቃል ነው፤ የሚያውቁትም አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አለቃው፣ ተንታኙ፣ ሁለት መሐንዲሶችና አንዲት የኔትወርክ ባለሙያ።

ሐሙስ ጠዋት ወንፊት አንድ የተመሰጠረ መልእክት ፈትቶ አወጣ። የተላከው እሑድ ነው። ላኪው አይታወቅም፤ የተቀባዩም አድራሻ ተሸፍኗል። ሥራው ወንፊት ያጠለለውን ማንበብ የሆነው ተንታኝ ወረቀቱን ይዞ አለቃው ቢሮ ገባና አነበበላቸው።

«አይዞሽ። ነገ በምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርገሽ ተዪው። የቀረውን ለእኔ።»

ከሥሩ ወንፊት የራሱን ፍርድ ጽፏል። ተቀባይ፦ ሴት። እርግጠኛነት፦ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ።

አለቃው መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

«ሴት ነው ያለው?»

«ሴት ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«ምነው እሷ ባልሆነች» አሉ።

ከአምስቱ አንዷ ብቻ ሴት ነች። ባልደረቦቿ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ቃል ከአፏ የሚወጣው ተቆጥሮ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰባት ዓመት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ሰኞ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የቀረችው እሷ ነበረች። ቀድሞ ጨዋነት የተባለው ዝምታዋ በአንድ ጠዋት ተንኮል ሆነ።

ተንታኙ ከሰዓት በኋላ አስጠራት።

«ሰኞ ለምን ምሳ አልወጣሽም?»

«ልጄን አሟት ጎረቤት ትቻት ነበር። ልደውልላት ብዬ ነው።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«ማንም። አለቃ ኮሪደሩ ላይ ከእህታቸው ጋር ስልክ ያወሩ ነበር።»

ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። የአለቃው ታላቅ እህት ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ይደውላሉ። እናት በሌለበት ቤት አለቃውን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው ይባላል። መሥሪያ ቤቱ የሚንቀጠቀጥላቸው አለቃ ያ ስልክ ሲጠራ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ይወጣሉ፤ ሠራተኛውም ከኋላቸው ይስቃል።

በመሃል የሴትየዋ ስልክ ጮኸ። ተንታኙን በዓይኗ አስፈቅዳ አነሳችው።

«የኔ ጌታ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ? ጎበዝ። ሹራብህን እንዳታወልቅ፣ እሺ? መጣሁ።»

ስልኩን ዘጋች። 

«ልጅሽ ናት?»

«አዎ። ትንሽ ተሽሏታል።»

ተንታኙ የሰጠችውን መልስ ጽፎ ተመልሶ ወደ አለቃው ሄደ።

«ጋሼ፣ ልቤ አልተቀበለውም።»

«የእኔስ መች ተቀበለው? ግን ልብ ዘመድ አለው፤ ማሽን ዘመድ የለውም። ከአምስታችን ቀሚስ የለበሰ ስንት ሰው አለ?»

«አንድ።»

«እንግዲህ።»

አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አልጮኸችም፣ አልተሟገተችም። ቦርሳዋን አንስታ በተንታኙ ጠረጴዛ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«ልጄ ዛሬ ገና ነው ትምህርት ቤት የተመለሰችው። ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች። ከእኔ በቀር የሚቀበላት የለም።»

«እኔ እቀበላታለሁ» አላት። ዓይኗን ማየት ግን አቃተው።

«ምን ልትላት ነው?»

ፖሊሶቹ ወሰዷት።

አለቃው በረጅሙ ተነፈሱ። «በቃ፣ እሾሁ ወጥቷል። ወንፊትም ሰሞኑን ደክሟል፤ ጥገና ይደረግለት። እስከ ነገ አጥፉትና ሄዳችሁ ምሳችሁን ብሉ» አሉ። መሐንዲሶቹ ማሽኑን አጥፍተው እየተሳሳቁ ወጡ። ከአራት ቀን በኋላ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። አለቃው ፖሊሶቹን ሊሸኙ ወደ ታች ወረዱ።

ተንታኙ የምሳ ፍላጎት አልነበረውም። የሴትየዋን መዝገብ በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጥ ገባ። የጠፋው የወንፊት ስክሪን ጥቁር ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አለቃው የረሱት ስልክ ወረቀቶቹ መካከል ይነዝራል። «ታላቅ እህቴ» ይላል። አንዴ ጠርቶ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ።

አሁን ይመጣሉ ልበላቸው ብሎ አነሳው። ሃሎ ለማለት ግን ፋታ አላገኘም።

«አይዞሽ ወንድምዬ! ዛሬም ገርበብ አደረግሽልኝ?»