የበረኛው ጨዋነት

ኳስ ለአገሩ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ የኮሌጁ በረኛ ከመስከረም እስከ ግንቦት አንድም ጎል አልገባበትም። ለዋንጫ በተጋጠሙ ዕለትም ሲመክት ዋለ። ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ከጎሉ ጀርባ ቆሙ።

«እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?»

በረኛው ዞሮ፣ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ። እርስዎስ እንደምን ዋሉ? ቤተሰቡ ደህና ነው?»

ኳሷ በጎኑ አልፋ ገባች።

«ምን ነካህ፣ አንተ?» አለው አምበሉ ሊያለቅስ ደርሶ።

«ታዲያ ሽማግሌ ሰላም ሲሉኝ ዝም ብዬ አሳዳጊ የበደለው ልባል?»

ፊሽካው ተነፋ። ተጋጣሚዎቹ እየጨፈሩ ሜዳውን ዞሩ። በትከሻቸው የተሸከሙት ግን ጎል ያገባውን ልጅ አልነበረም፤ ሽማግሌውን ነበር።