የቅዱስ ሮኮ ጀርባ

የኒውጀርሲው መርማሪ ሬሞ ግራሲ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያሳድደው ቡድን የሰፈሩን ቆሻሻ ያነሣል። ሌላ ቆሻሻ አንሺ የቀጠረ ነጋዴ ሱቁ ይቃጠላል። ጎረቤቱ ሁሉ ታዲያ ዐይኔን ግንባር ያድርገው ይላል።

በክፍለ ግዛቱ ሕግ አንድ ቃጠሎ አንድ ወንጀል ነው። የአንድ ማኅበር ሥራ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ከለኳሹ እስከ አዛዡ አብረው ወህኒ ይገባሉ። ለሬሞ የቀረው አዛዡን ማሳየት ነው። ለእሱማ ነገሩ ያለቀ ነው፤ አዛዡ የሰፈሩ የካርታ ጨዋታ ክበብ ባለቤት ጋስፓሬ ነው።

ዛሬ የቅዱስ ሮኮ በዓል ነው። በሰልፍ የሚዞረውን የቅዱሱን ሐውልት የሚሸከሙት የቡድኑ የቆሻሻ መኪና ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች አለቃቸው ደጅ ሲደርሱ የቅዱሱን ፊት ወደ እሱ እንደሚያዞሩ ሬሞ ከአባቱ ሰምቷል። ስለዚህ ካሜራውን ይዞ ከክበቡ ትይዩ ባለው ዳቦ ቤት ተቀመጠ።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ባልቴቷ ኦርሶላ ናት። ለበዓሉ ምድጃዋን አላነደደችም። መስታወቷን ወልውላ፣ ጥቁር ሐሯን ለብሳለች። መንገዱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ከመስኮቷ ፊት ማንም አልቆመም፤ ሬሞን ለእይታ ተመቸው።

«እማማ፣ ይመስክሩልኝ። ጋስፓሬን እናስገባዋለን።»

«ብቻዬን? እኔን አሮጊቷን ልታስጨርስ ነው?»

«ብቻዎን አይደሉም። ሌላ ምስክር አለኝ።»

«ስም የሌለው ምስክር ምኑ ምስክር ነው፣ ልጄ!»

ሬሞ አመነታ። ስሙ ከወጣ ሰውየው ውሎ አያድርም። ግን ፈራ ተባ እያለች ወደ በሩ ስትመለከት አየና አንጀቱን በላችው።

«ጫማ ሰፊው ኡምቤርቶ» አላት በሹክሹክታ። «ለኳሹን በዐይኑ አይቶታል።»

«ምስኪን!» ብላ አማተበች። «ቆይ፣ ምድጃውን አየት አድርጌ ልምጣ።»

ወደ ጓዳ ገብታ ብዙም አልቆየች። ስትመለስ ፍርሃቷ ጠፍቷል፤ ሬሞ አበረታኋት ብሎ ደስ አለው።

ሙዚቃው ቀረበ። ጋስፓሬ ከክበቡ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይኸው እማማ፣ አሁን ወደ እሱ ያዞሩታል። እኛ የምናየው ጀርባውን ነው፤ ይበቃኛል።»

ኦርሶላ ከወንበሯ ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች። ተሸካሚዎቹ ቆሙ፤ ቀስ ብለው ዞሩ።

ሬሞ ካሜራውን ሲያነሣ፣ በመስታወቱ በኩል የቅዱሱ ፊት ቁልጭ ብሎ ታየው።