አራተኛው ቋጠሮ

ነጩን ሰሌዳ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አስደግፋ ማርከሯን ከፈተች። ትናንት ትንሿ ልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚወስዳት አጥታ ስታለቅስ ነው የተገኘችው፤ ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ጉዳይ ሁሉ እዚህ ላይ ሊጻፍ ነው። "ቤቱን አንደኛ ክፍል አደረግሽው እኮ!" አሉ እናቷ። "እኔ አምስት ልጅ ያሳደግሁት በሰሌዳ ነው?"

"እማዬ፣ ትናንትስ?"

"ትናንትማ ያንቺ ተራ ነበር!" እናትየው የሻሻቸውን ጫፍ ሳብ አደረጉ። አራት ቦታ ተቋጥሯል። "የኔ ሰሌዳ ይኸውልሽ። ይሄ የጥርስ ሐኪም፣ ሐሙስ።" ፈቱት። "ይሄ ቧንቧ ሠራተኛው።" ፈቱት። "ይሄ የባልሽ ሸሚዝ።" ፈቱት። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። አሻሹት፤ መስኮት መስኮቱን አዩ፤ ደግመው አሻሹት። ረታሁ አለች በልቧ፤ ወዲያው ግን ማርከሯን ዝቅ አደረገች።

"የኔ ነው" አለች ቶሎ ብላ፤ "መድኃኒቴን አስታውሺኝ ብዬሽ ነበር።"

"አንቺ ደግሞ ውሸት አይሆንልሽም" አሉ እናትየው ቀስ ብለው። "የትንሿ ነው፤ ተራው የኔ ነበር። ከትናንት ያደረ።" ቋጠሮውን ሳይፈቱ ጨበጡት። "በይ ሰሌዳሽን ስቀይው፤ ፊደሉን ግን ጎላ አድርጊው።"